ስለ አሻሚ ነገርና ስለ ደብዛዛ ነገር
ከጎንደርና ከሰሜኑ ደጋ በተወሰዱ ምሳሌዎች

አንድ ነገር «አይለይም» ወይም «ግልጽ አይደለም» ሲባል ምን ማለት ነው? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው በወሰኑ ላይ፣ ዳኛው በውሉ ላይ፣ የቅኔው ተማሪ በዘረፋው ላይ፣ ሐኪሙም በሽተኛው በሚነግረው ቃል ላይ በየዕለቱ ያገኘዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር ጠባብ ነው። ይኸውም አለመለየት ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ የጎንደር ጉባኤያት አንደኛውን ዓይነት ለብዙ ዘመን ሲመረምሩት መኖራቸውን፣ ሁለተኛው ግን በጉባኤ ሳይሆን በሌላ መንገድ የሚፈታ መሆኑን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የያዘ ሰው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው እየሰጠ ነገሩን ያብሰዋል።

ቋንቋችን ራሱ ለሁለቱ ሁለት ስም አዘጋጅቷል። የመጀመሪያው «አሻሚ» ነው። ቃሉ ከሽሚያ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ ሽሚያ እንደሚባል ሁሉ፣ አሻሚ ቃልም ሁለት ትርጉሞች የሚሻሙበት ቃል ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፣ ሁለቱ ተሻሚዎች እያንዳንዳቸው ጥርት ያሉ መሆናቸውን ነው። የጠፋው ነገር የትኛው እንደ ታሰበ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ደብዛዛ» ነው። ደብዛዛ ነገር ትርጉሙ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ዳርቻው ግን የለም። ቀን የት ላይ አልቆ ሌሊት የት ላይ እንደሚጀምር የሚያሳይ መስመር የለም፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መሽቷል የሚልም አልመሸም የሚልም ሰው ሐሰተኛ አይባልም።

አስቀድመን አሻሚውን እንመልከት። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እጃችን ላይ ያለው ጽሕፈት ይበቃል።

የአማርኛ ፊደል ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም። ይህን ዐረፍተ ነገር ስንጽፍ የተጠቀምንበት ግስ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ይለያል» ብለን ብንጽፍ፣ ለ ሲላላ አንድ ሰው አንዱን ከሌላው ይለያል ማለት ይሆናል፤ ለ ሲጠብቅ ደግሞ ነገሩ ከሌላው የተለየ ነው ማለት ይሆናል። እንደዚሁም «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ጠብቆ አለቃ የሆነው ነገር ነው፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው። «ሰፊ» ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው፣ ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ስለዚህ «ልጁ ሰፊ ቤት ገባ» የሚል ወረቀት ያገኘ ሰው ልጁ ባለጸጋ ይሁን ወይስ ሱሪው ተቀዶበት ይሁን ሊያውቅ አይችልም። «ልጅ አላት» የሚለውም ጠብቆ ሲነበብ ሴትዮዋ ወላድ ናት፣ ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው «ልጅ» ብሎ ጠራት።

«ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ አንባቢ ከፊትና ከኋላው አይቶ ያውቀዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ጊዜ ያውቀዋል፤ አማርኛ አንባቢ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ሥራ እየሠራ መሆኑን እንኳ አያስተውለውም። ችግሩ ፊትና ኋላ በሌለው አጭር ጽሑፍ ላይ ነው። አጭር ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርቱ ነገር የሚጻፍበት ነው፤ ኑዛዜ፣ ውል፣ የሕክምና ካርድ፣ ማስታወቂያ።

አንድ ምሳሌ እናድርግ። በአንድ የውርስ ወረቀት ላይ «ለእናትየዋ በየዓመቱ አምስት ቁና እህል ይሰጣል» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ላልቶ ቢነበብ ሰጪ አለ፤ ቀደም ብሎ ስሙ የተነሣው ወራሽ ይሰጣል ማለት ነው። ሰና ጣ ጠብቀው ቢነበቡ ግን እህሉ ይሰጣል እንጂ ማን እንደሚሰጥ አልተነገረም። በመጀመሪያው ንባብ ባለዕዳው አንድ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ባለዕዳው ሁሉም ነው፣ ሁሉም በሆነ ጊዜም ማንም አይሆንም። እናቲቱ የምትራበው በአንዲት ነጥብ ጉድለት ነው። «ይሸጣል»፣ «ይገዛል»፣ «ይመታል» የሚሉትም ግሶች በዚሁ ደንብ አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድ መልክ ይጽፋሉ።

በሕክምናም በኩል እንዲሁ ነው። ጎንደር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥንባት የኖረች ከተማ ስለ ሆነች ምሳሌው ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው። «ሽፍታ» የሚለው ቃል ፍ ሲጠብቅ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሕመም፣ ሲላላ ግን ጫካ የገባ ሰው ነው። «ሽፍታ አስቸገረን» ብሎ የጻፈ የወረዳ ሹም ሐኪም ይላክለት ወይስ ነጭ ለባሽ? ይህን በሣቅ እናልፈው ይሆናል፤ ነገር ግን አንባቢው አገሩን የማያውቅ ከሆነ ሣቁ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ያዩ ጸሐፊዎች አልታጡም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ እያስቀመጡ ጽፈዋል። ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡ ሰው ይህን ማድረጋቸው ይደንቃል፤ ወይም ደግሞ አይደንቅም፣ ምክንያቱም የአሻሚ ቃል ኃይል ከቅኔ ተማሪ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ዛሬ በኮምፒውተር የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ እንኳ የማጥበቂያ ምልክት ቦታ አግኝቶ ሳለ የሚጠቀምበት ሰው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አያልፍም።

የግእዝ ነገር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በአማርኛው ጆሮ የሚያውቀውን ዓይን አያውቅም፤ በግእዙ ዓይን የሚያውቀውን ዛሬ ጆሮ አያውቅም። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ። «አመት» ገረድ ናት፣ «ዓመት» የዘመን ቁጥር ነው። ሁለቱን አፍ አውጥቶ ላነበበ ሰው ልዩነታቸው አይሰማም፤ ጽሕፈቱ ግን ይጠብቀዋል። «ትርፍ ፊደሎች ይውጡ» የሚለውና «አይውጡ» የሚለው የቆየ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ለአማርኛ ብቻ ላሰበ ሰው ሞክሼ ፊደሎች ትርፍ ናቸው፤ ለግእዝ ላሰበ ሰው ግን የትርጉም ዘበኞች ናቸው። በእኛ አስተያየት ፊደል ከመቀነስ ይልቅ የጎደለውን የማጥበቂያ ምልክት መጨመር ይቀድማል። ፊደል የሚቀንሰው ሰው ዓይንን ከድካም ያሳርፋል እንጂ አንድም አሻሚ ቃል አይፈታም።

የቤተ ክህነት ትምህርት ጽሕፈት የማይሸከመውን ነገር በአፍ ይሸከመዋል። በንባብ ቤት ልጁ ፊደሉን ከለየ በኋላ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ የንባቡን መውጫና መውረጃ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። መጽሐፉ ላይ የሌለው ሁሉ በዚህ መንገድ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። ዓይነ ስውር የሆኑ ታላላቅ መምህራን በየጉባኤው የሚገኙትም ስለዚህ ይመስለናል፤ የዕውቀቱ ግማሽ ቀድሞውንም ብራና ላይ አልነበረም።

ከዚህ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ግን የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ተማሪው ከንባብ ቤትና ከዜማ ቤት በኋላ ቅኔ ቤት ይገባል፤ ከቅኔ ቤት በኋላ መጽሐፍ ቤት ይገባል። በቅኔ ቤት የሚማረው መሠወርን ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጅሙ መወድስ ድረስ ሰሙን ከወርቁ ጋር ማጣመርን፣ በኅብርም አንዱን ቃል ሁለት ጭነት ማስጫንን ይለማመዳል። በመጽሐፍ ቤት የሚማረው ደግሞ መግለጥን ነው። መሸሸግ ያልቻለ ሰው የተሸሸገውን ማግኘት አይሆንለትም የተባለ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በዘመናዊ ትምህርት ቤታችን አላየንም፤ የሒሳብ መምህር ተማሪውን አስቀድሞ እንቆቅልሽ እንዲፈጥር አድርጎ ከዚያ በኋላ እንዲፈታ ቢያሠለጥነው ምን ያህል ይጠቅመው ነበር!

በመጽሐፍ ቤት የትርጓሜ ጉባኤ አራት ክፍል አለው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ይህ የአማርኛ ትርጓሜ የተደራጀው በተለይ በጎንደር ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ሊቃውንቱ ከየአቅጣጫው ተሰበሰቡ፤ ትርጓሜውም ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፈለ። ትውፊቱ የታች ቤትን ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ያያይዘዋል። ዛሬ በብዛት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው።

የትርጓሜው አካሄድ እንዲህ ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ይላል፤ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ያስከትላል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ይሰጣል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ። በመካከል ታሪክ ይገባል፣ ሐተታ ይገባል፤ ሌላ ቅጂ ሌላ ንባብ ቢኖረው ያም ይጠቀሳል። ምሳሌ እኛው እንፍጠርና፣ «በሩ ተዘጋ» የሚል ንባብ ቢኖር፣ ነጠላው የቤቱ መዝጊያ ተገጠመ ማለት ነው፤ አንድም ጉባኤው ተፈጸመ፤ አንድም ንስሓ የሚገባበት ዘመን አለፈ። እያንዳንዱ «አንድም» ግን እንደ ፈለጉ የሚወረወር አይደለም። ከንባቡ ሰዋስው ጋር መስማማት አለበት፤ ከሌላ ቦታም ድጋፍ ይፈለግለታል፤ ከአበው የተቀበሉት መሆን አለበት። በገዛ ፈቃዱ አንድም የሚጨምር ተማሪ ወዮለት።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ይህን ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣብን አሳብ «ታዲያ መልሱ የትኛው ነው?» የሚል ነው። የፈተና ወረቀታችን ለአንድ ጥያቄ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚሰጥ ሦስት መልስ ያለው ሰው መልስ የሌለው ይመስለናል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የአንድም መምህር አያመነታም። «ይህን ይመስላል፣ ያንንም ይመስላል» አይልም። «ይህ ነው፤ አንድም ይህ ነው» ይላል። የእያንዳንዱን ትርጉም ወሰን በስለት ይቆርጣል፤ ሦስቱንም ለይቶ አጠገብ ለአጠገብ ያኖራቸዋል። አሻሚን ነገር በሥርዓት የመያዝ ጥበብ ማለት ይህ ነው።

ይህን የምንለው አንድ የታወቀ አሳብ ስላለ ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ባወጣው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ የአማራው ሕዝብ ንግግር በአሻሚነት የተሞላ መሆኑን፣ ይህም ለማኅበራዊ ኑሮ ብዙ ጥቅም ቢኖረው እንኳ ቁርጥ ያለ ቃል ከሚሻው ከዘመናዊው ሥራ ጋር እንደሚጋጭ አስረድቶ ነበር። መጽሐፉ የሚከበር ነው፤ ከእርሱ በኋላም ብዙ ሰው ይህንኑ አሳብ ሲደግመው ኖሯል። እኛ ግን ልዩነት መደረግ ነበረበት እንላለን። ወርቁን ከሰሙ ለይቶ ማውጣት የለመደ አእምሮ ለትክክለኛ ቃል ባዕድ ነው ማለት ያስቸግራል። አንድ ዐረፍተ ነገር በስንት መንገድ ሊነበብ እንደሚችል ቆጥሮ መዘርዘር ሕግ አርቃቂ፣ ውል ጸሐፊና የሒሳብ ሰው ሁሉ የሚፈልጉት ችሎታ ነው። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኤምፕሰን በ1930 ሰባት የአሻሚነት ዓይነቶችን ለይቶ መጽሐፍ ሲጽፍ እንደ አዲስ ነገር ተቆጥሮለታል፤ የጎንደር ጉባኤ ግን በዚያ ጊዜ ሥራውን ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንቅፋት የሚሆነው አሻሚነት ሳይሆን፣ አሻሚ መሆኑ ሳይታወቅ የተጻፈ አሻሚ ቃል ነው። የውርሱን ወረቀት የጻፈው ሰው ቅኔ ቤት ቢያልፍ ኖሮ «ይሰጣል»ን ሲጽፍ እጁ ይቆም ነበር ብለን እናስባለን።

ሆኖም ለአንድምም ወሰን አለው። በዐሥራ ሰባተኛውና በዐሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት በጎንደር ነገሥታት ፊት ከተደረጉት የሃይማኖት ጉባኤያት ብዙዎቹ የዞሩት ስለ መቀባት በተነገረው ቃል ትርጉም ላይ ነበር። በዚያ ቦታ «ይህ ነው፤ አንድም ይህ ነው» ማለት አልተቻለም፤ ወገኖች ተከፋፈሉ፣ ሰውም ተሰደደ፣ ደምም ፈሰሰ። ክርክሩ በመንግሥት ደረጃ የተዘጋው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። የማን ትርጉም ትክክል እንደ ነበረ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የምንጠቅሰው ነገር፣ አንድ ቃል ሁለቱን ትርጉም አብሮ ሊይዝ የሚችለው ሁለቱ የማይጣሉ ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ፍርድ ቤትም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ስለ ሆነ በአንድም ሊኖር አይችልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በሚገባ አስቦበታል። የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ስም ከዚያ እንዳይወጣ በቁጥር 1733 ይከለክለዋል፤ ቃሉ ሁለት ትርጉም ሊሰጥ የሚችል ከሆነ ግን ውሉን ሥራ ላይ የሚያውለውን ትርጉም እንዲመርጥ በቁጥር 1737 ያዝዘዋል፤ በቁጥር 1738 ደግሞ ባለግዴታውን የሚጠቅመው ትርጉም እንዲያዝ ያደርጋል። እንግዲህ በዚህ ሕግ ያቺ ባለ አምስት ቁና እናት ብትከራከር ምን እንደሚደርስባት የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች በእርሷ ላይ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱ አይመስለንም።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ስለ አሻሚ ነው። አሁን ከጉባኤው ወጥተን በወገራ መንገድ ወደ ሰሜን እንሂድ።

የጣና ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ከዳርቻው ያለው የደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ በወገራ በኩል እየወጡ ዳባትና ደባርቅ ሲደርሱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ ማሳው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ሆኗል፤ ሰውየው ወፍራም ጋቢ ደርቧል። ጎንደር ወይና ደጋ፣ ደባርቅ ደጋ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከመንገዱ በየትኛው መታጠፊያ ላይ ወይና ደጋው አለቀ? ጤፍና ገብስ ጎን ለጎን የሚዘሩበት ሰፊ አገር በመካከል አለ። የጂኦግራፊ መጻሕፍት ቁጥር ይሰጡናል፤ አንዱ 2,300 ሜትር ይላል፣ አንዱ 2,400 ይላል። የቁጥሮቹ አለመስማማት የተመራማሪዎቹ ስንፍና አይደለም፤ ተራራው ላይ መስመር ስለሌለ ነው። በዚህ ላይ «ደጋ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም የለውም፤ አንድም ቢባልለት የሚወጣው ነገር የለም። ትርጉሙ አንድ ነው፣ ዳርቻው ግን ደብዛው የጠፋ ነው።

ደብዛዛነት ደግሞ ሁልጊዜ በተፈጥሮ ውስጥ አይገኝም። ያው መንገድ ደባርቅን እንዳለፈ ሊማሊሞ ላይ ይደርሳል። እዚያ ምድሪቱ በድንገት ተቆርጣ ትወርዳለች፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የዛሪማን ቆላ ያያል። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን ጉዞ፣ ደጋው አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ደብዛዛ ነገር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ነገር ወገራ ይሁን ሊማሊሞ መጠየቅ አለበት።

ይህ ጥያቄ አሮጌ ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት የሚሊጦስ ሰው ኤቡሊዴስ፣ ከእህል ክምር ላይ አንዲት ፍሬ ቢነሣ ክምርነቱ ይቀራልን? ብሎ ጠየቀ ይባላል። አይቀርም። ሌላ አንዲትስ? አይቀርም። እንዲህ እየተባለ አንዲት ፍሬ ብቻ እስክትቀር ድረስ ይኬዳል፤ ክምሩ የጠፋበት ሰዓት ግን አይገኝም። የደምቢያ ገበሬ በዐውድማው ላይ ይህን ቢጠየቅ ምናልባት ይሥቃል። እርሱ ክምሩን በቁና ሰፍሮ ለባለድርሻው ሁሉ ያከፋፍለዋል፤ ቁናውም ሞላ የሚባለው እንዴት ሲሆን እንደ ሆነ፣ ጫፉ ይጠረግ ወይስ ይከመር፣ አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቷል። እነሆ የደብዛዛ ነገር መድኃኒት ይህ ስምምነት ነው። መርምሮ የሚገኝ መስመር ስለሌለ፣ ተስማምቶ የሚሰመር መስመር ያስፈልጋል።

መሬትን በሚመለከት ይህ ብርቱ ጉዳይ ይሆናል። በደጋው አገር የቆየው የመሬት መለኪያ ጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ማለት ነው። የሄክታር አንድ አራተኛ ያህል ተደርጎ ይወሰዳል፤ ነገር ግን የወገራ ጭቃና የተዳፋቱ ድንጋያማ አፈር፣ የጠገበ በሬና የከሳ በሬ አንድ ዓይነት ጥማድ አይሰጡም። ርስት በነበረበት ዘመን ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ስለ ነበረ፣ ማን የየትኛው ርስት ወራሽ እንደ ሆነ ራሱ ዳርቻ የሌለው ነገር ነበር፤ ሙግቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስትን አስቀረ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠው ጀመር። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ ማሳውን የሚያስታውቀው በአዋሳኞቹ ስም ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ገደል፣ በደቡብ መንገድ። የእገሌም ደብተር ተገልጦ ቢታይ በምዕራብ የሚጠራው ያንኑ ባለ ደብተር ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ፤ ወሰኑ ግን አሁንም ከሁለቱ መካከል ባለችው ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ድንጋይ ደግሞ ሌሊት ትንቀሳቀሳለች እየተባለ ይታማል። በኋላ የመጣው በመሣሪያ የተለካና ካርታ ያለው ደብተር ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው።

አሁን ሁለቱን መድኃኒቶች ብናምታታ የሚሆነውን እንመልከት። የወሰን ክርክር የቀረበለት ሽማግሌ እንደ ትርጓሜ መምህር ሆኖ «ወሰኑ ይህ ነው፤ አንድም ያ ነው» ቢል በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ጦም ያድራል፤ ወይም ደም ይፈስበታል። እዚያ የሚያስፈልገው አራት ምስክር፣ አንድ ዶማና የማይነቃነቅ ድንጋይ ነው። በአንጻሩ አሻሚውን የውርስ ወረቀት የያዘ ሰው «እንግዲህ መካከሉን እንያዝ፤ ወራሹ ሁለት ቁና ተኩል ይስጥ» ቢል ሽምግልና የሠራ ይመስለዋል እንጂ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላሰበውን ሦስተኛ ነገር ፈጥሯል። በደጋና በወይና ደጋ መካከል መካከል አለ፤ ጠብቆ በተነበበውና ላልቶ በተነበበው ቃል መካከል ግን መካከል የለም።

አንዳንድ ነገር ሁለቱንም ደዌ አንድ ላይ ይይዛል። ጎንደር የአርባ አራት ታቦት አገር ትባላለች። ዝርዝሩን ከተለያዩ ሰዎች ብንቀበል ግን ስሞቹ አይገጥሙም። ግማሹ ምክንያት አሻሚነት ነው፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከጠፉት በፊት ያለው ቁጥር ነው ወይስ በኋላ ያለው? ግማሹ ምክንያት ደብዛዛነት ነው፤ በዙሪያዋ ካሉት አድባራት የትኞቹ የከተማዋ ናቸው፣ የትኞቹ የገጠሩ? ለመጀመሪያው ዘመኑን መናገር ይበቃል። ለሁለተኛው ቆጣሪው የከተማውን ዳር በየት በኩል እንዳሰመረ መንገር አለበት።

የጥናት ጽሑፍ ለምናቀርበው ተማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመናል። «1928» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን አቆጣጠር እንደያዘ ካልነገረን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስተናል፤ ይህ አሻሚ ነው፤ «ዓ.ም.» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» የሚል ቃል ይፈታዋል። «ሰሜን ጎንደር» የሚለው ስም ደግሞ እስከ 2009 ዓ.ም. በተጻፉት ወረቀቶች ጎንደር ከተማን፣ ደምቢያንና መተማን ሁሉ የያዘ ሰፊ ዞን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዞኑ በሦስት ተከፍሎ ስሙ ደባርቅን መቀመጫ ላደረገው ክፍል ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የአንዱን ዘመን የሕዝብ ቁጥር ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ተማሪ፣ በስሙ ሥር የነበሩትን ወረዳዎች ስም በስም ጽፎ ይጀምር።